ረሃብ፣ አምሮት እና ልጓም ያጣ አበላል

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል አጠገብ፣ ምሳውን በልቶ የጠገበ ሰው የዓሣ ጥብስ ሽታ ሲያውደው አፉ ምራቅ ይሞላል፤ ይህ አምሮት እንጂ ረሃብ አይደለም። ረሃብን ከሚቀሰቅሱት አንዱ፣ ባዶ ጨጓራ በብዛት የሚያመነጨውና እ.ኤ.አ. በ1999 የታወቀው ግሬሊን የተባለ ሆርሞን ነው። አምሮት ግን በአመዛኙ ዶፓሚን የተባለው መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ከሚሠራበት የአንጎል ክፍል ይነሣል፤ ዶፓሚን ከጣዕሙ እርካታ ይልቅ ፍላጎቱን ስለሚያጎላ፣ ዓሣው ዘይት ውስጥ ሲንጫጫ መስማት ብቻ የቀድሞውን ደስታ ቀስቅሶ እጅን ወደ ሳህኑ ይስባል።

ብዙዎቻችን አምሮትንም ልጓም ያጣ አበላልንም «ሆዳምነት» በሚል ቃል እንጠቀልላለን፤ ይህ ሰውን የሚጎዳ ስሕተት ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ የመዘገበው «ልጓም ያጣ አበላል» (binge eating disorder)፣ አንድ ሰው በአጭር ጊዜ እጅግ ብዙ ሲበላ፣ ማቆምም ሲያቅተው፣ ይህም ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ3 ወራት ሲደጋገምበት የሚሰጥ ስም ነው። የፋሲካ ዕለት ዶሮ ወጥ ማብዛት በዚህ አይቆጠርም። ታማሚው ሳይርበው፣ ሆዱ እስኪጨነቅ፣ ብዙ ጊዜም ከኀፍረት የተነሣ ተደብቆ ይበላል። ምግብ መዝለል ችግሩን ሊያባብሰው ስለሚችል፣ ሕክምናው የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ሰዓቱን የጠበቀ አመጋገብንና የንግግር ሕክምናን አንድ ላይ በማስኬድ ነው።