በተጨናነቀ የመዝናኛ ፓርክ ስለ ማስክና ስለ በሽታ የሚባለው እና እውነታው

ሰመር ደርሶ ትምህርት ሲዘጋ ከዋሽንግተን አካባቢም ከአትላንታም ብዙ የሀበሻ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ወደ ኦርላንዶ ይወርዳል። መኪናው ውስጥ ያሉት ልጆች ብቻ አይደሉም። ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡ፣ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው አያት ይኖራሉ። ገና ዓመት ያልሞላው ሕፃንም ይኖራል። ትልልቆቹ ልጆች ቢታመሙ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ይነሳሉ። እኔን የሚያሳስቡኝ አያትና ሕፃኑ ናቸው።

ከ2020 ወዲህ ስለ ማስክና ስለ ፓርክ ብዙ ተወርቷል። አንዳንዱ ያኔም ትክክል አልነበረም፤ አንዳንዱ ጊዜው አልፎበታል። ደጋግሜ የምሰማውን እያነሳሁ እውነታውን ልናገር። ምሳሌዬ በአብዛኛው ፍሎሪዳ ያለው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ነው። ዓመቶቹም ወሮቹም ቀኖቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

"ፓርኩ እኮ ውጭ ነው፤ ንፋሱ ይወስደዋል"

ግማሹ እውነት ነው። ደጅ ላይ ትንፋሽ ቶሎ ይበተናል። በሽታ የመተላለፍ ዕድሉም ከቤት ውስጥ ጋር ሲነጻጸር በጣም ያነሰ ነው። ግን ቀኑን ሙሉ ደጅ አትውሉም። የፍሎሪዳ የሐምሌ ሙቀት አያስቆምም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝናቡ በድንገት ይወርዳል። ያኔ ያ ሁሉ ሰው ጣሪያ ፍለጋ ይሮጣል፤ ምግብ ቤቱ፣ ሱቁ፣ ቤት ውስጥ ያለው ወረፋ ጢም ይላል።

ከዲዝኒ ወርልድ ፓርኮች አንዱ በሆነው ማጂክ ኪንግደም ውስጥ ያለውን፣ ሆንትድ ማንሽን የሚባለውን የመናፍስት ቤት ጨዋታ ውሰዱ። ከመሳፈራችሁ በፊት በሩ የሚዘጋ አንድ ክፍል ውስጥ ያስገቧችኋል። ከግድግዳው ራቁና ወደ መሃል ተጠጉ ትባላላችሁ። መብራቱ ይጠፋል፤ ልጆች ይጮኻሉ። ትከሻችሁ ከማታውቁት ሰው ትከሻ ጋር ተጣብቆ፣ አንዱ የተነፈሰውን ሌላው እየሳበ ትቆማላችሁ። በ2020 ፓርኩ እንደገና ሲከፈት ሰው እዚያ ክፍል ሳይቆም እንዲያልፍ የተደረገው ለዚህ ነው።

ኮቪድ በዋናነት የሚተላለፈው በአየር ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም፣ ሲዲሲ የሚባለው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከልም ይህን በግልጽ ያስቀመጡት በ2021 የጸደይ ወራት ነው። ከዚያ በፊት ሁሉም የሚያወራው ስለ ርቀትና ስለ እጅ ነበር። ስለዚህ ፓርክ ስትሄዱ የሚጠቅመው ጥያቄ "አየሩ ይንቀሳቀሳል ወይ?" የሚለው ነው። ደጅ ያለ ባቡር ላይ ስትሆኑ ማስኩ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ። ከሆቴል የሚወስደው አውቶቡስ ውስጥ፣ ሞኖሬል በሚባለው የፓርኩ ባቡር ላይ፣ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ስትገቡ ይውጣ። ቀኑን ሙሉ ማድረግ ያቃታቸው አያት ይህን ያህሉን ይችላሉ።

ጩኸትም ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ሲጮህ ወይም ሲዘፍን ከአፉ የሚወጣው ጠብታ በዝምታ ከሚተነፍሰው እጅግ ይበልጣል። በ2020 የጃፓን የመዝናኛ ፓርክ ማኅበራት ሮለር ኮስተር ላይ ሰው እንዳይጮህ ጠይቀው ነበር። ፉጂ ኪው የሚባለው ፓርክ ደግሞ "በልባችሁ ጩኹ" ብሎ መልእክት አስተላለፈ። ያኔ ብዙ ሰው ስቆበታል። ምክንያቱ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

"ማስክ ማስክ ነው፤ ዋናው መሸፈኑ ነው"

ይህኛው ብዙ ሰው ይጎዳል። እናቶቻችን አቧራ ሲነሳ ወይም ሰው ሲያስነጥስ በነጠላቸው አፍና አፍንጫቸውን ሸፈን ያደርጋሉ። ልማዱ ጥሩ ነው። ነጠላ ግን ሳሳ ያለ ጨርቅ ነው፤ በጎንና በጎኑም ክፍት ነው። ዲዝኒ ወርልድ በሐምሌ 2020 ሲከፈት ስካርፍ መሰል መሸፈኛዎችን፣ አንገት ላይ የሚጠለቀውን ጨርቅና ቫልቭ ያለውን ማስክ የከለከለው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ቢያንስ ሁለት ድርብ፣ ጆሮ ላይ የሚያያዝ ወይም የሚታሰር፣ አፍንጫንም አፍንም የሚሸፍን መሆን ነበረበት። ቫልቭ ያለው ማስክ የምታስወጡትን ትንፋሽ ሳያጣራ ይለቀዋል። እናንተን ይጠብቅ ይሆናል፤ አጠገባችሁ ያሉትን ግን አይጠብቅም። ቁጥጥሩም ጥብቅ ነበር። ሮለር ኮስተር ላይ ማስኩን ያወረደ ሰው ካለ ፓርኩ በጨዋታው ላይ የሚያነሳው የዚያ ዙር ፎቶ አይሰጥም ነበር።

ዛሬ ማስክ ከገዛችሁ አይቀር ኤን 95 ወይም ኬኤን 95 ግዙ። ገዝቶ ማጥለቅ ብቻውን ግን አይበቃም። አፍንጫው ላይ ያለውን ሽቦ በሁለት እጅ ጣቶች ከመሃል ወደ ጎን እየተጫናችሁ ቅርጽ አስይዙት። ከዚያ እጃችሁን ማስኩ ላይ አድርጋችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ተንፍሱ። አየሩ ወደ ዓይናችሁ ከመጣ ወይም መነጽራችሁ ጉም ከለበሰ ከላይ ያፈሳል ማለት ነው። ጉንጫችሁ ላይ ከተሰማችሁ በጎን ያፈሳል። አስተካክላችሁ ደግማችሁ ሞክሩ። ጺም ላላቸው አባቶች ነገሩ ይከብዳል፤ ጺሙ ማስኩ ከቆዳ ጋር እንዳይገጥም ያደርገዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤን 95ን አጥባችሁ መልሳችሁ አታድርጉ። የሚያጣራው ጨርቅ ደቃቅ ነገሮችን የሚይዘው በውስጡ ባለው የኤሌክትሪክ ሙል ጭምር ነው። ሳሙናና ውሃ ያንን ያጠፋዋል። በላብ የረጠበና ውሃ የሚረጭ ጨዋታ ላይ የራሰ ማስክም ይቀየር። ለአንድ ሰው ሁለት ሦስት መለዋወጫ በደረቅ ከረጢት ያዙ።

"በር ላይ ሙቀት ከለኩ ችግር የለም"

አገር ቤትም፣ ባንክም ሆቴልም በር ላይ ግንባራችን ላይ ሲደቅኑብን የነበረውን መለኪያ ሁላችን እናስታውሰዋለን። ዲዝኒ ወርልድም እስከ ግንቦት 2021 ድረስ እንግዳውን እየለካ ያስገባ ነበር። ነገር ግን የኮቪድ ታማሚ ምልክት ከማሳየቱ ሁለት ቀን ያህል አስቀድሞ ሌላውን ማስያዝ ይችላል። ጭራሽ ትኩሳት የማይኖረውም አለ። ፓራሲታሞል የዋጠ ሰውም መለኪያውን ያልፋል። መለኪያው የሚይዘው ትንሹን ክፍል ነው። ዛሬ በሩ ላይ የለም፤ ባለመኖሩም ብዙ የጎደለብን ነገር የለም።

"ሳኒታይዘር ይዣለሁ፤ ይበቃኛል"

ለኮቪድ አይበቃም። ሲዲሲ በ2021 እንዳስቀመጠው ቫይረሱ ያለበትን ዕቃ በመንካት የመያዝ ዕድል በአንድ ንክኪ ከ10,000 አንድ እንኳን አይሞላም። እጅ መታጠብን ግን አትተዉ። ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣው ኖሮቫይረስ በሳኒታይዘር እምብዛም አይበገርም፤ የሚያስለቅቀው ሳሙናና ውሃ ነው። ከምግብ በፊት ልጆቹን ወደ መታጠቢያው ውሰዷቸው።

"ሕጉ ተነስቷል፤ በሽታውም አልቋል"

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይምታታል። የመጀመሪያው ሕጉ የማን እንደነበር ነው። ፍሎሪዳ በመላ ግዛቱ የማስክ ግዴታ አውጥታ አታውቅም። ዲዝኒ ወርልድ ያለበት የኦሬንጅ ካውንቲ ግን በሰኔ 2020 ትእዛዝ አውጥቶ ነበር። የግዛቱ አስተዳዳሪ በግንቦት 2021 መጀመሪያ እንዲህ ያሉትን የአካባቢ ትእዛዞች ሲያነሳ ዲዝኒ የራሱን ደንብ ወዲያው አልተወም። ደጅ ላይ ማስክ በፈቃድ የሆነው ከግንቦት 15 ጀምሮ ነው። በሰኔ አጋማሽ ለተከተቡ ሰዎች ቤት ውስጥም ቀረ። ከዚያ ዴልታ የሚባለው የኮቪድ ዝርያ መጣና ሐምሌ 30 ቤት ውስጥ ለሁሉም ተመለሰ። እስከ የካቲት 2022 አጋማሽ ድረስ እንዲሁ ቆየ። አውቶቡስና ሞኖሬል ላይ ደግሞ እስከ ሚያዝያ 2022 ድረስ ግዴታ ነበር። በአንድ ሰመር ውስጥ እንኳን ደንቡ ሄዶ ተመልሷል። ስለዚህ "ባለፈው ስንሄድ እንዲህ ነበር" የሚለውን ሰው አትመኑ። ከመነሳታችሁ በፊት የፓርኩን ድረ ገጽ ተመልከቱ።

አገር ሲቀየርማ ልዩነቱ ይሰፋል። በፈረንሳይ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ዲዝኒላንድ ፓሪስ ለመግባት የክትባት፣ የምርመራ ወይም ታሞ የመዳን ማስረጃ ይጠየቅ ነበር። ቻይና ውስጥ ሻንጋይ ዲዝኒላንድ ላይ የሆነው ደግሞ ከሁሉም ይለያል። ጥቅምት 31 ቀን 2021 ቀደም ብላ ፓርኩን የጎበኘች ሴት ኮቪድ ተገኘባት ተብሎ በሮቹ ተዘጉ። ወደ 34,000 የሚጠጋ ሰው ሳይመረመር አልወጣም። ከሰማይ ርችት እየፈነዳ፣ ከታች ሙሉ መከላከያ የለበሱ ሠራተኞች ናሙና ይወስዱ ነበር።

ሁለተኛው የሚምታታው የአስቸኳይ ጊዜው ማብቃት ነው። ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ግንቦት 5 ቀን 2023 የኮቪድ ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን ሲናገሩ በሽታው አሁንም አስጊ እንደሆነ አብረው ተናግረዋል። ያበቃው ግዴታው ነው። ዛሬ ፓርክ ውስጥ ማስክ አድርጉ የሚላችሁ የለም። የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ፣ ኩላሊቱ የደከመ ወይም በዕድሜ የገፋ ቤተሰብ ካላችሁ ሰው ምን ይለኛል አትበሉ። ከአጠገባቸው የምትሆኑት እናንተም ብታደርጉ ለእነሱ ትልቅ እገዛ ነው።

"ማስክ ለልጅ አየር ያሳጣዋል"

አያሳጣም። ኦክስጅን በማስክ ቀዳዳዎች ያለችግር ያልፋል። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማስክ አይደረግም፤ ቢያፍነው ራሱ ማውለቅ አይችልም። ዲዝኒ ከሁለት ዓመት ጀምሮ ያስገድድ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ደግሞ አምስት ዓመትና ከዚያ በታች ያሉትን ማስገደድ አያስፈልግም ይላሉ። የሦስት ዓመት ልጅ እያለቀሰ ከሚያደርገው፣ አዋቂዎቹ በደንብ ቢያደርጉ እመርጣለሁ።

"ከኮቪድ ሌላ ፓርክ ውስጥ ምን ያሰጋል?"

ኩፍኝ። ይህን ጉዳይ ወላጆች ሁሉ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። በታኅሣሥ 2014 ካሊፎርኒያ ያለው ዲዝኒላንድ ውስጥ ኩፍኝ ተሰራጨ። መጀመሪያ ማን እንዳመጣው እስካሁን አልታወቀም። ከፓርኩ ተነስቶ ወደ ሌሎች ግዛቶች፣ ወደ ሜክሲኮና ወደ ካናዳ ተዛመተ። የጤና ባለሥልጣናት በመጀመሪያው ሪፖርት ከለዩዋቸው 110 የካሊፎርኒያ ታማሚዎች 45 በመቶው ያልተከተቡ ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ 12ቱ ለክትባት ዕድሜያቸው ያልደረሰ ሕፃናት ነበሩ። ወላጆቻቸው ያጠፉት ነገር የለም። በዙሪያቸው ግን ያልተከተበ ሰው ነበር።

የኩፍኝ ቫይረስ ታማሚው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ አየር ላይ ይቆያል። መከላከያ ከሌላቸው 10 ሰዎች እስከ 9ኙን ይይዛል። መልካሙ ነገር ክትባቱ ጠንካራ መሆኑ ነው። አንድ ዙር 93 በመቶ፣ ሁለት ዙር 97 በመቶ ያህል ይከላከላል።

እኛን በቀጥታ የሚነካን ጉዞው ነው። ኩፍኝ ኢትዮጵያ ውስጥ ዛሬም አለ፤ ሁለተኛው ዙር ክትባት በመደበኛነት የተጀመረው በ2019 ነው። ብዙ ቤተሰብ በአንድ ሰመር አገር ቤት ደርሶ ተመልሶ ፓርክ ይሄዳል። ከ6 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን ይዛችሁ ከአሜሪካ ውጭ የምትጓዙ ከሆነ ሲዲሲ አንድ ዙር አስቀድሞ እንዲሰጠው ይመክራል። ይህ ዙር ከመደበኛዎቹ ሁለት አይቆጠርም፤ ዓመት ሲሞላው እንደገና ይጀምራል። ከጉዞው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ የልጁን ሐኪም ጠይቁ። ለጥየቃ የሚመጡ ዘመዶችም የክትባት ካርዳቸውን ይዘው ይምጡ።

"ቲኬቱ ተከፍሎበታል፤ ትንሽ ጉንፋን ናት"

የአንድ ቀን መግቢያ ለአንድ ሰው ከ100 ዶላር በላይ ነው። አምስት ሆኖ ለሚሄድ ቤተሰብ ከባድ ገንዘብ ነው፤ መቆርቆሩ ይገባኛል። ግን ጠዋት ላይ ጉሮሮው የከረከረው ልጅ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ውስጥ ከማያውቃቸው አያት አጠገብ ይቀመጣል። ሆቴል ውስጥ ፈጣን የኮቪድ መመርመሪያ ይኑራችሁ። አንዴ ነጻ ነው ቢልም ሲዲሲ ምልክት ላለበት ሰው ከ48 ሰዓት በኋላ እንዲደገም ይመክራል። ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት ቀን መቀየር ይቻል እንደሆነና ተጨማሪ ክፍያው ስንት እንደሆነ ጠይቁ። የሚቀየር ከሆነ የታመመው ልጅ ከአንድ አዋቂ ጋር ሆቴል ይቆይ፣ ሌሎቹ ይሂዱ፤ የሁለቱ ቲኬት ወደ ሌላ ቀን ይዛወር።