«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ»፦ ምሳሌያዊ አነጋገሩና የኮሌጅ ተማሪ የሥራ ዕቅድ

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለው አነጋገር ጊዜው ካለፈ በኋላ ለሚጸጸት ሰው ይነገራል። መነሻው የማድ ቤት ሥራ መሆኑን ቃላቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ፤ ባለሙያዋ በርበሬውንና ቅመሙን ለወጡ በሚበቃው ልክ መጥና በሙቀጫ የምትደቁሰው ድስቱ ከመጣዱ አስቀድሞ ነው። እሳቱ ከነደደ በኋላ የጎደለውን ልደቁስ ብትል የተጣደው ያርርባታል፤ አብዝታ የጨመረችውንም መልሳ ልታወጣው አትችልም። ሰዎች ለወቀሳ የሚያነሡት ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውን ስንኝ ቢሆንም ምክሩ ያለው በመጀመሪያው ላይ ነው፤ እርሱም መቅደምን ብቻ ሳይሆን መመጠንንም ያዛል።

ይህ አነጋገር ለኮሌጅ ተማሪ የሚስማማው በዚሁ ምክንያት ነው። ገና በመጀመሪያው ዓመት ጓደኞቹ ስለመረጡት ብቻ አንድን ሙያ የሙጥኝ ያለ ተማሪ ቀድሟል እንጂ አልመጠነም። እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1908 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ የሙያ ምክር ቢሮ ያቋቋመው ፍራንክ ፓርሰንስ፣ ሙያ ለመምረጥ ራስን በሚገባ ማወቅ፣ ሥራው የሚጠይቀውንና የሚያስገኘውን መረዳት፣ ከዚያም ሁለቱን በማስተዋል ማገናዘብ እንደሚያስፈልግ ያስተምር ነበር። መመጠን ማለት ይኸው ነው፤ ጊዜ የሚፈልገውም ስለዚህ ነው። አንድ ሰው የሒሳብ መዝገብ መያዝ ወይም ሕመምተኛ መንከባከብ ይስማማው እንደሆነ የሚያውቀው ሥራውን ቀርቦ ሲያየውና በኢንተርንሺፕ (በመሥሪያ ቤት በሚደረግ የተግባር ልምምድ) ሲሞክረው እንጂ ስሙን ሲሰማ አይደለም።

መዘግየት የሚያስከፍለው ዋጋ በውጤት ስሌት ላይ ጎልቶ ይታያል። 120 ክሬዲት (የኮርሶች ክብደት መለኪያ) በሚጠይቅ ትምህርት 90ውን ከ4.0 በ2.5 አማካይ ውጤት ያጠናቀቀ ተማሪ፣ ቀሪዎቹን 30 ክሬዲቶች በሙሉ በ4.0 ቢያልፍ እንኳ የሚመረቀው በ2.88 ገደማ ነው። ያው ተማሪ ከ30 ክሬዲት በኋላ ነቅቶ ቀሪውን 90 ክሬዲት በ3.5 ቢማር ግን 3.25 ይደርሳል፤ ለዚህም አንድም ጊዜ ድፍን 4 ማምጣት አያስፈልገውም። ከፍተኛ አማካይ ውጤት የሚጠይቅ የድኅረ ምረቃ ትምህርት እንደሚፈልግ በመጨረሻው ዓመት የተገነዘበ ሰው በአንድ ዓመት ትጋት ሊያካክሰው የማይችለው ልዩነት ይህ ነው። ቅድመ ተፈላጊ ኮርሶችም እንዲሁ ናቸው፤ አንዱ ሳይወሰድ ሌላው ስለማይከፈት በሁለተኛው ዓመት የተዘለለ አንድ ኮርስ ምረቃውን ሊያዘገይ ይችላል። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ መምህርም ተማሪውን ማወቅ አለበት፤ ከምረቃ ጥቂት ሳምንታት በፊት ቢሮው የሚመጣን እንግዳ ምን ብሎ ሊመሰክርለት ይችላል?

በአንድ ነገር ግን ከአነጋገሩ ጋር አልስማማም። ያረረ ወጥ ይደፋል፤ የሰው የሥራ ዘመን ግን ያን ያህል አይበላሽም፤ ከምረቃ በኋላ ሙያ የለወጡ ብዙዎች አሉ። ስለዚህ አነጋገሩ ሥራ ላጣ ተመራቂ ሲወረወርበት ጭካኔ አለው፤ ቦታው የአዲስ ገቢዎች አዳራሽ ቢሆን ይሻላል። ሦስተኛ ዓመት ደርሶ ገና ያላሰበበት ተማሪም ቢሆን በእጁ የቀሩ ምርጫዎች አሉት። የሚመርጣቸውን ኮርሶችና የመመረቂያ ጥናቱን ርዕስ ሊገባበት ከሚያስበው መስክ ጋር ማያያዝ፣ በዚያ መስክ የሚሠሩ ሁለት ሦስት ሰዎችን ፈልጎ የዕለት ውሏቸውን መጠየቅ፣ ለክረምቱ ኢንተርንሺፕም ማመልከቻ የሚዘጋበትን ቀን ወራት ቀድሞ ማጣራት ይችላል።