ኪስ የምታህል ቡችላ ስታጉረመርም

ሁለት ኪሎ የማትሞላ ቡችላ ሶፋ ሥር ገብታ ስታጉረመርም መጀመሪያ የምናደርገው መሳቅ ነው። «ኧረ ተቆጣች!» እንላለን፣ ስልካችንን አውጥተን እንቀርፃታለን። ያንኑ ድምፅ ግቢ ውስጥ የታሰረ ትልቅ ውሻ ቢያሰማ እግሬ አውጪኝ ነበር። የትናንሽ ውሾች ችግር ግማሹ ይኸው ነው፤ ሲናገሩ የሚሰማቸው የለም።

እኛ አገር ውሻ ሲባል የግቢ ጠባቂ ነው። ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይለቀቃል፣ ባጉረመረመ ቁጥር «ጎበዝ» ይባላል። ሳሎን ውስጥ የምትኖር ትንሽ የፈረንጅ ውሻ ድሮ የቤተ መንግሥት ወሬ ነበረች፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ውሻ ሉሉ እስከ ዛሬ የሚወራለት ለዚህ ይመስለኛል። አሁን ኮንዶሚኒየሙም አፓርታማውም ቺዋዋ፣ ማልቲዝና ዮርክሻየር እየገባበት ነው። አያያዛችን ግን ወይ እንደ ግቢ ውሻ ነው፣ ወይ እንደ አሻንጉሊት። ሁለቱም አያስኬድም። ዮርክሻየር ቴሪየር በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ አይጥ ሲያሳድድ የኖረ ዘር ነው። ዳክስሁንድን ጀርመኖች ያራቡት ባጀር የሚባለውን አውሬ ጉድጓዱ ድረስ ገብቶ እንዲገጥም ነው። ቁመታቸው ያጥር እንጂ ጥርሳቸውም ወኔያቸውም የውሻ ነው።

ማጉረምረም በራሱ ጥፋት አይደለም። ቡችላዋ «ተዉኝ» የምትልበት ቃል ነው፣ ያውም የመጀመሪያው አይደለም። ከዚያ በፊት ፊቷን አዙራለች። ምግብ ሳይኖር ከንፈሯን ልሳለች፣ እንቅልፍ ሳይመጣባት አዛግታለች፣ ሰውነቷ ደርቋል፣ የዓይኗ ነጭ ታይቷል። ይህን ሁሉ ማንም ካላየላት ታጉረመርማለች። ቀጥላ ጥርሷን ታሳያለች፣ ከዚያ አየር ላይ ቀጭ ታደርጋለች። «ስታኝ ነው» ብላችሁ አትሳቁ፤ ውሻ ከሰው እጅ በጣም ይፈጥናል፣ ብትፈልግ አትስትም ነበር። ማስጠንቀቂያ ነው። የሚጮህ ውሻ አይናከስም የሚባለውም ግማሹ እውነት ነው፤ ገና ዕድል እየሰጠቻችሁ ነው።

ስለዚህ ባጉረመረመች ቁጥር በሲሊፐር የሚመታት ሰው ፍርሃቷን አላጠፋም፣ ድምፁን ብቻ ነው ያጠፋው። ነገ ሳታጉረመርም ትነክሳለች። «ድንገት ነከሰችኝ» የሚል ሰው ስሰማ ከዚያ በፊት ስንቴ እንደተቆጣት መጠየቅ ያምረኛል። በጀርባዋ አጋድሞ ጫን ብሎ መያዝም፣ «አለቃው እኔ ነኝ» ለማለት ተብሎ የሚደረገው፣ ያው ነው።

የጨዋታ ማጉረምረም ደግሞ ሌላ ነው። የፊት እግሯን ዘርግታ ኋላዋን ከፍ ካደረገች፣ ሰውነቷ ልል ከሆነ፣ እየዘለለች ገመድ የምትጎትት ከሆነ፣ ታጉረምርም፣ ተዉዋት። ጭራ መቁላቱን ብቻ ግን አትመኑ። የደረቀ ሰውነት ላይ የሚወዛወዝ ጭራ የደስታ ላይሆን ይችላል።

ለምን ታጉረመርማለች? ከሁሉ በፊት ሰው ቀን ከሌት ብድግ ስለሚያደርጋት ነው። ሮትዋይለርን ከወለል ብድግ የሚያደርግ የለም፤ ቺዋዋን ግን እንግዳ ሁሉ እንደ ሕፃን ያነሳታል፣ ልጆች ይቀባበሏታል፣ ተኝታ ሳለ ትሳማለች። የጥቂት ወር ቡችላ በቀን ከ18 እስከ 20 ሰዓት መተኛት ትችላለች፤ ካልተኛች ነጭናጫ ናት። ጥርስም አለ። 28ቱ የወተት ጥርሶች ከ3 ወይም ከ4 ወር ጀምሮ እየወለቁ በ7 ወር ገደማ በ42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ፤ በዚህ ጊዜ ያገኘችውን ታኝካለች። በትናንሽ ዘሮች የወተቱ ጥርስ አልወልቅ ብሎ አዲሱ ከጎኑ መብቀሉ የተለመደ ነው፣ ያማል፣ ሐኪም ማየት አለበት። ሲነኳት ብቻ የምታጉረመርም ወይም ጠባይዋ በድንገት የተቀየረ ቡችላም መጀመሪያ የምትወሰደው እንስሳት ሐኪም ጋ ነው። የጉልበቷ ሎሚ ከቦታው እየተንሸራተተ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ከእናቷ ቶሎ መለየቷ ነው። ቡችላ የንክሻዋን ልክ የምትማረው ከወንድሞቿና ከእህቶቿ ነው፤ ጠበቅ አድርጋ ስትነክስ ያኛው ይጮሃል፣ ጨዋታው ያበቃል። ይህን ትምህርት እንድትጨርስ ቢያንስ እስከ 8 ሳምንት አብራቸው መቆየት አለባት። መንገድ ዳር ታቅፈው የሚሸጡት፣ ገና በደንብ የማይራመዱት፣ ይህን አላገኙም። ከ3 እስከ 14 ሳምንት ድረስ በሰላም ያየችው ነገር ደግሞ በኋላ እምብዛም አያስደነግጣትም። ክትባቷ ባያልቅም ታቅፋችሁ አውጧት፤ ባጃጅ ትስማ፣ ጃንጥላ ትይ፣ ነጠላ የለበሱ እናቶችን ትይ።

አሁን አንድ የካልሲ ታሪክ ልንገራችሁ። ጎረቤቴ ቤት ያለች የ4 ወር ማልቲዝ ካልሲ ሰርቃ አልጋ ሥር ትገባለች። ልጁ እጁን ሲሰድ ታጉረመርማለች፤ አንድ ቀን ጣቱን ለጥቂት ሳተችው። አባትየው በመጥረጊያ ሊያወጣት ሞከረ፣ ባሰባት። በኋላ የተደረገው ቀላል ነው። ማንም ጎንበስ አላለም። ትንሽ የተቀቀለ ዶሮ ሁለት ክንድ ራቅ ብሎ ወለል ላይ ተጣለ። ሽታው ሲደርሳት ካልሲውን ተፋች፣ ወጣች፣ በላች፤ ካልሲው ዶሮውን ተከትላ ስትርቅ ተነሳ። ምግብ ሳህኗ ላይም እንዲሁ ነው። ሳህኑን ነጥቆ መሞከር የለም፤ በአጠገቧ ሲያልፉ ከያዘችው የሚሻል ነገር ጣል ያደርጉላታል። ዶሮው ከወጥ የወጣ አይሁን እንጂ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያበላሻሉ።

በጨዋታ መሐል ለምትነክስ ጩኸት አያስፈልግም። እጅን ሰብስቦ ተነስቶ ለግማሽ ደቂቃ መሄድ፣ ሲመለሱ የምትታኘክ ነገር መስጠት። አሥር ጊዜ ይደገማል፣ ሃያ ጊዜም ይደገማል። ሕፃናትን ከቡችላ ጋር ብቻቸውን አትተዉ፣ ይህ ድርድር የለውም።

ቆዳ ከተቧጨረ ግን «ቡችላ ናት፣ ትንሽ ናት» ብሎ ነገር የለም። የእብድ ውሻ ክትባት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በ3 ወር ነው፤ ከዚያ በታች ያለች ብዙውን ጊዜ አልተከተበችም። ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፣ ሥር ቀጥቅጦ የሚያጠጣ ሰውም አያድንም።

ማልቲዟ አሁን አታጉረመርምም። በሦስተኛው ሳምንት ግን ካልሲ አፏ ውስጥ ይዛ በራሷ ማቀዝቀዣው ፊት መጥታ ተቀመጠች፣ ካልሲውን ጣለች፣ ቀና ብላ አየቻቸው። ዶሮ ክፈሉኝ ነው። የካልሲው መሳቢያ ከዚያን ቀን ጀምሮ ተቆልፏል።