መጽሐፈ ኩፋሌ እና የያዕቆብ ልጆች

መጽሐፈ ኩፋሌ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ ነው። አይሁድ ከመጻሕፍታቸው አልቆጠሩትም። የግሪክና የላቲን አብያተ ክርስቲያናትም አልተቀበሉት። በፕሮቴስታንቶች 66 መጻሕፍት ውስጥም የለም። እኛ ዘንድ ስሙ የሚነሣው ብዙ ጊዜ «ለምን ወጣ?» በሚል ሙግት ነው። ውስጡ ምን እንዳለ የሚያወራ ግን እምብዛም ነው።

መጽሐፉ 50 ምዕራፎች አሉት። ከፍጥረት ተነሥቶ እስራኤል ከግብፅ ወጥተው ሲና እስከደረሱበት ጊዜ ድረስ ይተርካል። ተራኪው መልአከ ገጽ፣ ማለትም በእግዚአብሔር ፊት የሚቆም መልአክ ነው፤ ሙሴ በተራራው ላይ ሆኖ ይሰማል። ዘመን የሚቆጠረው በኢዮቤልዩ ሲሆን፣ አንዱ ኢዮቤልዩ 49 ዓመት ነው። ከአዳም እስከ ከነዓን መግቢያ ድረስ 50 ኢዮቤልዩ፣ ማለትም 2,450 ዓመት ይሆናል።

ታሪኩ በአብዛኛው የኦሪት ዘፍጥረት ነው። ኩፋሌ ግን ዘፍጥረት ዝም ያለበትን ይሞላል። ቃየን ማንን አገባ? እኅቱን አዋንን ይላል። አብርሃም ልጁን እንዲሠዋ ለምን ተፈተነ? የክፉ መናፍስት አለቃ መስቴማ ነገር ስለሠራ ነው ይላል። ይኸው መስቴማ ከጥፋት ውኃ በኋላ መናፍስቱ ሁሉ ሊታሰሩበት ሲል ለምኖ አንድ አሥረኛው ቀርተውለታል።

መጽሐፉ በጣም የሚጣፍጠው የያዕቆብ ልጆች ጋ ሲደርስ ነው። ሌዊን እንይ። በዘፍጥረት ሌዊና ስምዖን ስለ እኅታቸው ስለ ዲና ብለው የሴኬምን ሰዎች ይፈጃሉ። ያዕቆብ በሞት አልጋው ላይ ሆኖ ቁጣቸውን ይረግማል። በኩፋሌ ግን ድርጊቱ እንደ ጽድቅ ተቆጥሮላቸዋል፤ ሌዊ ለክህነት የተመረጠውም በዚሁ ቅንዓቱ ነው። ይስሐቅም ሁለቱን የልጅ ልጆቹን ሲባርክ ሌዊን በቀኙ፣ ይሁዳን በግራው ይይዛል። ክህነት ከንግሥና ይቅደም ማለቱ ነው፤ ይህን የጻፈ ሰው ራሱ ካህን ነው የሚሉት ብዙ ናቸው። ያዕቆብ ከመሞቱ በፊት የራሱንና የአባቶቹን መጻሕፍት በሙሉ ያስረከበው ለሌዊ ነው።

ይሁዳም ጠበቃ አላጣም። ከምራቱ ከትዕማር ጋር የሠራውን ሳያውቅ እንደሠራ፣ አዝኖም እንደለመነ፣ በሕልምም ይቅር እንደተባለ ይናገራል። የዮሴፍ መሸጥ ደግሞ ቤቱን ሁሉ አፍርሷል። የያዕቆብ ቁባት ባላ ሐዘኑን ሰምታ ሞተች። ዲናም ተከተለቻት። የማስተሰረያው ቀን በሰባተኛው ወር በ10ኛው ቀን የሆነው ልጆቹ በዚያ ቀን አባታቸውን ስላሳዘኑት ነው ይላል መጽሐፉ። የአሥራ ሁለቱን ሚስቶችም በስም ይዘረዝራል። ስምዖን ከነዓናዊት አግብቶ ተጸጸተ፣ ከዚያም እንደ ወንድሞቹ ከመስጴጦምያ ሌላ አገባ።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው የዔሳው ፍጻሜ ነው። በዘፍጥረት ወንድማማቾቹ ተቃቅፈው ይላቀሳሉ፤ አባታቸውንም አብረው ይቀብራሉ። በኩፋሌ ይስሐቅ ከሞተ በኋላ የዔሳው ልጆች አባታቸውን ገፋፍተው 4,000 ሰው አስከትለው ይመጣሉ። ያዕቆብ ከግንቡ ላይ ሆኖ ዔሳው ለአባቱና ለእናቱ የማለውን መሐላ ያስታውሰዋል። ዔሳው የከርከሮ ጠጉር እንደ በግ ሱፍ ከለሰለሰ ያን ጊዜ ወንድም እሆንሃለሁ ይለዋል። ያዕቆብ ቀስቱን ሳበ፤ የመጀመሪያዋ ፍላጻ የዔሳውን ቀኝ ጡት መታችው። የያዕቆብ ልጆችም በአራት በኩል ወጡ። ይሁዳ ከንፍታሌምና ከጋድ ጋር በደቡብ፣ ሌዊ ከዳንና ከአሴር ጋር በምሥራቅ፣ ሮቤል ከይሳኮርና ከዛብሎን ጋር በሰሜን፣ ስምዖን ከብንያምና ከሮቤል ልጅ ከሄኖክ ጋር በምዕራብ። ኤዶማውያን ከዚያ ወዲያ ገባር ሆኑ። አንዳንድ ተመራማሪዎች እዚህ ላይ የመቃብያንን፣ ማለትም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት የተነሡትን አይሁዳውያን ተዋጊዎች፣ ዘመን ጦርነት ያያሉ።

በመጨረሻም ከዮሴፍ በቀር የወንድማማቾቹ ሁሉ አጥንት ከግብፅ ወጥቶ በኬብሮን በመክፌላ ዋሻ ተቀበረ።

የቤተ ክርስቲያን ትውፊት መጽሐፉን ለሙሴ ይሰጣል። የዘመኑ ምሁራን ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት በዕብራይስጥ ተጻፈ ይላሉ።

ታዲያ ለምን ተተወ? በኒቅያ ጉባኤ በ325 ዓ.ም. ተጣለ የሚለው ወሬ መሠረት የለውም፤ ጉባኤው የመጻሕፍትን ቁጥር አልወሰነም። በአይሁድ በኩል ዋናው ምክንያት የዘመን ቆጠራው ሳይሆን አይቀርም። ኩፋሌ ዓመቱ 364 ቀን፣ 52 ሳምንት ነው ይላል፤ በጨረቃ የሚቆጥሩትንም በግልጽ ይወቅሳል። በዓላቱን በጨረቃ ቆጥሮ ለሚያከብር ሕዝብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በክርስቲያኖች በኩል የእስክንድርያው አትናቴዎስ በ367 ዓ.ም. በዘረዘራቸው መጻሕፍት ውስጥ ኩፋሌ የለም። የሚገርመው አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው ይኸው አትናቴዎስ ነው። መጽሐፉ ግን ከግሪክ ወደ ግእዝ ተተርጉሞ እኛ ዘንድ ኖረ። የቤተ ክርስቲያን አባቶች ሄሮኒሞስና ኤጲፋንዮስም ያውቁታል።

ከዚያ በኋላ በአውሮፓ ለረጅም ዘመን ከጥቅሶች በቀር አልነበረም። ዕብራይስጡ ጠፋ፣ ግሪኩም ጠፋ። ያኔ የአገራችን ደብተራዎች በብራና ላይ ይገለብጡት ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ከኢትዮጵያ ያገኘው ቅጂ ጀርመን አገር ቱቢንገን ደረሰ። ጀርመናዊው ምሁር አውጉስት ዲልማን በ1850 እና በ1851 ወደ ጀርመንኛ ተርጉሞ አሳተመው፤ በ1859 ደግሞ ግእዙን አወጣ። በ1861 ሚላኖ ውስጥ ተፍቆ ሌላ ጽሑፍ ከተጻፈበት ብራና ሥር የላቲን ትርጉም ተነበበ፤ ከመጽሐፉ ሲሶ ያህል ነው። ሮበርት ሄንሪ ቻርልስ የግእዙን እትም በ1895፣ ጄምስ ቫንደርካም በ1989 አሳተሙ። እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የተገኙት ብራናዎች ነገሩን ለወጡት። ከ12 የሚበልጡ የኩፋሌ ቅጂዎች ቁርጥራጭ በዕብራይስጥ ወጣ። ከብዙዎቹ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች ይልቅ በዚያ የተደጋገመ ነው። ከግእዙ ጋር ሲመሳከር የእኛ ጸሐፊዎች ምን ያህል ታማኝ እንደነበሩ ታየ። እርግጥ ልዩነቶች አሉ፤ ግን አካሉ ያው ነው። ዛሬም ሙሉውን መጽሐፍ ማንበብ የሚፈልግ የሚመለሰው ወደ ግእዙ ነው።

ቤተ እስራኤልም ኩፋሌን ያከብራሉ። ምዕራፍ 50 የሰንበትን ሕግ አጥብቆ ይደነግጋል፦ በሰንበት መጓዝ፣ እሳት ማንደድ፣ ከሚስት ጋር መገናኘት ክልክል ነው። የቤተ እስራኤል አሮጌ የሰንበት ሥርዓት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። መጽሐፉ ከክርስቲያኖች ደረሳቸው ወይስ ቀድሞ ነበራቸው በሚለው ላይ ግን ስምምነት የለም።

አሦር ማርኮ ስለወሰዳቸውና ስለጠፉት አሥሩ የእስራኤል ነገዶች ፍንጭ ለማግኘት ኩፋሌን የሚከፍት ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። የመጽሐፉ ታሪክ ከአሦር ምርኮ ብዙ ዘመን ቀድሞ ይቆማል። ያንን ወሬ የያዘው ዕዝራ ሱቱኤል የተባለው መጽሐፍ ነው። የእስራኤል የሴፋርዲ አይሁድ ዋና ረቢ የነበሩት ዖቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ ናቸው ብለው የወሰኑትም በኩፋሌ ተመርኩዘው ሳይሆን፣ ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በነበረ የረቢዎች ውሳኔ ነው።