ስካን የተደረገ ፎቶ ቀለሙ ለምን ይቀየራል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የታተመ ፎቶ ፍላትቤድ ስካነር ላይ አስቀምጠን ስካን እናደርጋለን። ስክሪን ላይ ስናየው ፊቱ ቀልቷል፣ ጥላው ተደፍኗል። ብዙዎቻችን ያኔ ስካነሩን እንወቅሳለን። ብዙ ጊዜ ግን ያሳሳተን ስለ ቀለም የያዝነው እምነት ነው።

«ዲፒአይ ሲጨምር ቀለሙም ይስተካከላል።»
አይገናኙም። ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚነበቡ ነጥቦች ብዛት) የሚጨምረው ዝርዝሩን ብቻ ነው። በ300 ቀልቶ የወጣ ፊት በ1200ም ቀልቶ ይወጣል፤ የፒክስሉ ብዛት ግን 16 እጥፍ ያድጋል። ለታተመ ፎቶ በአብዛኛው 300 ይበቃል፤ አስፍታችሁ ልታትሙት ከሆነ 600 አድርጉት።

«አውቶማቲክ ማስተካከያው ከእኔ የተሻለ ያውቃል።»
ብዙ ፎቶ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ሶፍትዌሩ በእጃችሁ ያለውን ፎቶ አይቶት አያውቅም። ስለዚህ ይገምታል፤ ደማቁን ወደ ነጭ፣ ጨለማውን ወደ ጥቁር ይገፋል፣ አንድ ቀለም ከበዛበትም ይቀንሰዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ የተነሳ ፎቶ ብርቱካናማ መሆን አለበት፤ እሱ ግን ጉድለት መስሎት ያጠፋዋል። ይባስ ብሎ ግምቱ ከፎቶ ፎቶ ስለሚለያይ የአንድ አልበም ፎቶዎች እርስ በርስ አይመሳሰሉም። የቀለም ማደሻውንም፣ አውቶ ኤክስፖዠሩንም አጥፉ። ምስሉ ደብዘዝ ብሎ ቢወጣ አትደንግጡ፤ ቀጥሎ ያለው ሥራ የሚፈልገው ያልተነካካ ምስል ነው።

«ሞኒተሬን ካሊብሬት አድርጌያለሁ፣ ይበቃል።»
ሞኒተሩ መስተካከሉ ግድ ነው፤ አለዚያ የምታዩትን ማመን አትችሉም። ስካነሩ ያነበበውን ግን አይለውጠውም። ስካነሩ የራሱ ፕሮፋይል፣ ማለትም ቀለምን እንዴት እንደሚያነብ የሚገልጽ ፋይል፣ ይፈልጋል። ለዚህ አይቲ8 የሚባል የቀለም ካርድ አለ። በካርዱ ላይ ያሉት ቀለሞች ቀድመው በመሣሪያ ተለክተዋል፤ ልኬቱም በፋይል ይመጣል። ካርዱን ስካን ታደርጋላችሁ፤ ሶፍትዌሩ ስካነሩ ያነበበውን ከልኬቱ ጋር አነጻጽሮ አይሲሲ በሚባለው መደበኛ ቅርጽ ፕሮፋይሉን ይሠራል። አርጋይል ሲኤምኤስ የሚባለው ሶፍትዌር ይህን በነፃ ይሠራል። ፎቶዎቹን የምታነቡት ካርዱን ባነበባችሁበት ሴቲንግ መሆን አለበት። አንድ ነገር ከቀየራችሁ ፕሮፋይሉ ዋጋ የለውም።

ቅደም ተከተሉም ያሳስታል። መጀመሪያ የስካነሩን ፕሮፋይል ለምስሉ ስጡት፤ ከዚያ ኤስአርጂቢ ወይም አዶቤ አርጂቢ ወደሚባሉት መደበኛ የቀለም ስፍራዎች ወደ አንዱ ቀይሩት። ገና ከስካነር በወጣ ምስል ላይ ኤስአርጂቢ ብቻ ከለጠፋችሁበት የስካነሩ ስህተት እንዳለ ይቀራል።

«አንድ ፕሮፋይል ለሁሉም ይሠራል።»
አብዛኞቹ ካርዶች የተሠሩት በፎቶ ወረቀት ላይ ነው። ቀለም እየረጨ የሚያትመው የኢንክጄት ፕሪንተር ቀለም ግን የተለየ ነው። ለዓይናችን አንድ የሚመስሉ ሁለት ቀለሞች በስካነሩ መብራትና ሴንሰር ፊት ሊለያዩ ይችላሉ። እኔ የምመክረው ለኢንክጄት ህትመት በራሱ ቀለምና ወረቀት ላይ የታተመና የተለካ ካርድ መጠቀምን ነው።

«48 ቢት የበለጠ ትክክለኛ ቀለም ይሰጣል።»
የሚሰጠው የማስተካከያ ቦታ ነው። በ24 ቢት ለእያንዳንዱ ቻናል (ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ) 256 ደረጃ አለ፤ በ48 ቢት 65,536። ስለዚህ በኋላ ብዙ ብትነካኩትም ሰማዩ መስመር መስመር አይሠራም።

«ክዳኑን ከዘጋሁ ቀለሙን የሚነካ ነገር የለም።»
ወረቀቱ ስስ ከሆነ ከጀርባው ያለው ህትመት ነጩ ክዳን ላይ ጎልቶ ዘልቆ ይታያል። ከኋላው ጥቁር ወረቀት አድርጉ። ምስሉ በጥቂቱ ይጨልማል፤ ያንን ማስተካከል ቀላል ነው።

«ትክክለኛ ስካን የደበዘዘውን ፎቶ ያድሳል።»
ትክክለኛ ስካን ፎቶው ዛሬ ያለበትን መልክ ነው የሚያሳየው። ከደበዘዘ ደብዝዞ ይወጣል። ያንን ፋይል ቲፍ በሚባለው የፋይል ዓይነት አስቀምጡትና እድሳቱን በቅጂው ላይ ሥሩ።