ዊልቸር ላይ ሆኖ ምን ጭፈራ?

አካል ጉዳተኞችን ውዝዋዜ አሠለጥናለሁ። ይህን በተናገርኩ ቁጥር የምሰማው መልስ ያው ነው፦ «ውይ፣ ባይደክሙ አይሻልም?» ሰለቸኝ።

አይሻልም! ቀኑን ተቀምጦ የሚውል ሰው ካልተንቀሳቀሰ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ክብደቱ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አካል ጉዳት ያለባቸው አዋቂዎችም በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ለሌላው አዋቂ ካለው አንዲት ደቂቃ አልቀነሰም።

«መስማት የተሳነው ያለ ሙዚቃ እንዴት ይጨፍራል?» የከበሮው ንዝረት ከወለሉ ይደርሰዋል፣ ቆጠራውን በዓይኑ ይከተላል።

«ዓይነ ስውር ሳያይ አይማርም።» እጁን ትከሻዬ ላይ ያደርጋል፣ እኔ በቃል እነግረዋለሁ። ይማራል።

«እግር ካልሠራ ጭፈራ የለም» ሲሉኝ ግን ደሜ ይፈላል። እስክስታ ባለበት አገር! የእስክስታ ዋና ሥራ ትከሻ፣ አንገትና ደረት ላይ አይደለም እንዴ? አንዲት ተማሪዬ ከልጅነቷ ጀምሮ በዊልቸር ነው የምትንቀሳቀሰው። ሠርግ ይወስዷታል፣ ጥግ ያስቀምጧታል፣ ምግብ ያቀርቡላታል። «ነይ ጨፍሪ» ያላት አልነበረም። እኛ ጋ ስትመጣ ፍሬኑን ያዘች፣ ጀርባዋን ከመደገፊያው አላቀቀች፣ ትከሻዋን መታችው። በሁለት እግራቸው የቆሙት ተማሪዎቼ እንደሷ አልመቱትም። ነገሩ አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው አዱኛ የዳንስ ቡድን አካል ጉዳተኛ ዳንሰኞችን አሠልጥኖ መድረክ አውጥቷል።

«ይጎዳሉ» ለሚሉኝ መልሴ፦ ያለ ጥንቃቄ ማንም ይጎዳል። የዊልቸር ተጠቃሚ ትከሻ ጎማ ሲገፋ የሚውል ትከሻ ነው፣ ደክሞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሳያሟሙቁ እስክስታ አይጀመርም። ፊት ለፊት ያለው ጡንቻ በመግፋት ጠንክሯል፤ የጀርባውን አጠንክሩ። ካመመ አቁሙ። መቀመጫ ላይ ቁስል እንዳይወጣ በየመሀሉ በእጅ ተደግፎ ከፍ ማለት ያስፈልጋል፣ ማታም ቆዳውን ማየት። አንገቱ ወይም የላይኛው ጀርባው ላይ የአከርካሪ ጉዳት ያለበት ሰው ድንገት ኃይለኛ ራስ ምታት ከያዘውና ላብ ካጠመቀው፣ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ የጠበቀ ልብስ አላሉለት፣ የሽንት ማስወጫ ቱቦ ከተገጠመለት ታጥፎ እንደሆነ እዩ፣ ቶሎ ሐኪም ጋ አድርሱት። የደም ግፊቱ ድንገት ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል።

ሠርግ የምትደግሱ ደግሞ ጨፋሪው መሀል ዊልቸር የሚያዞር ቦታ ተዉ። ለጭፈራ ስትጋብዙም ዊልቸር ላይ ያለችውን ራሷን ጠይቁ እንጂ የሚገፋትን ሰው አትጠይቁ።