ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የኢንተርፕረነርሺፕ መምህር ስራው ምንድነው

ወሎ ዩኒቨርሲቲ 2000 ዓ.ም ላይ ማስተማር የጀመረ ሲሆን ዋና ግቢዎቹ ሁለት ናቸው፣ ቢዝነስና ኢኮኖሚክሱ ደሴ፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኮምቦልቻ። ኢንተርፕረነርሺፕና ኢኖቬሽን ላይ የሚሰራ መምህር ጣጣው ከዚሁ ይጀምራል፣ ሂሳብና ገበያ የሚማረው ልጅ ደሴ ብርድ ላይ ነው፣ ማሽን የሚነካካው ደሞ ሀረጎን ወርዶ ሃያ ምናምን ኪሎሜትር ርቆ ሙቀት ላይ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ለማስቀመጥ መጀመሪያ ሚኒባስ መያዝ ነው።

ኮርሱን አሁን ሁሉም ፍሬሽማን ይወስደዋል። ቢዝነስ ፕላን አምጡ ሲባል ያው ካፌ፣ ዶሮ እርባታ፣ ፎቶኮፒ ቤት ነው። እዚህ ጋ ሹምፒተር የሚባለው የኦስትሪያ ኢኮኖሚስት ይጠቅማል፣ ሰውየው ኢኖቬሽን ሲል አዲስ እቃ ብቻ አይደለም፣ አዲስ አመራረት፣ አዲስ ገበያ፣ አዲስ የጥሬ እቃ ምንጭና አዲስ አደረጃጀትንም ይቆጥራል። ስለዚህ ከባቲ ሰኞ ገበያ ቆዳ ሳይበላሽ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚያደርስበት ዘዴ ያገኘ ልጅ አፕ ከሰራው አያንስም (በኔ ግምት እንደውም ይበልጣል)።

የፈጠራ ህጉን ማስረዳትም የመምህሩ ስራ ነው። በ1987ቱ አዋጅ ቁጥር 123 ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ለ15 አመት ይሰጣል፣ ስራ ላይ መዋሉ ከታየ 5 ይጨመራል፣ ለአነስተኛ ፈጠራ ደሞ የግልጋሎት ሞዴል አለ፣ 5 አመት ሆኖ ለሌላ 5 ይታደሳል። የኛ ሰፈር የብየዳ ቤት ማሻሻያ በብዛት የሚገባው ሁለተኛው ውስጥ ነው ግን ስሙን የሰማ ተማሪ ጥቂት ነው።

ምርምሩ ላይ ቅሬታ አለኝ። ለማዕረግ እድገት በዋናነት የሚታየው ጆርናል ላይ የወጣ ፅሁፍ ስለሆነ መምህሩ መጠይቅ ይዞ ደሴ ፒያሳ ይወርዳል፣ ባለሱቁ ከአንድ እስከ አምስት እያከበበ ይሞላለታል፣ ማደግ ያቃተህ ለምንድነው ሲሉት ብድር፣ ቦታ፣ መብራት ይላል፣ በሚቀጥለው አመት ሌላ መምህር መጥቶ ያንኑ ይጠይቀዋል።

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2009 ሲመረቅ የዩኒቨርሲቲና የኢንዱስትሪ ትስስር ትስስር ተባለ፣ ግን ዲዛይኑ ከውጭ መጥቶ ተሰፍቶ ወደ ውጭ የሚላክ ልብስ ላይ የግቢ ተመራማሪ ምን ያህል እጁን ያስገባል? ከዛ ጦርነቱ መጣ፣ ከጥቅምት እስከ ኅዳር 2014 ሁለቱም ከተሞች ተይዘው ዩኒቨርሲቲውም ፋብሪካውም ሱቁም ተዘረፈ፣ ወዲያው በፈረንጆቹ 2022 መግቢያ ላይ ደሞ የአጎዋ፣ ማለትም ያለቀረጥ ወደ አሜሪካ የመላክ እድል ተቋረጠ።

ለኔ መጠናት ያለበት ነገር ከዛ በኋላ ያለው ነው። ወሎ ውስጥ ወለድ ሃራም ነው ብሎ ባንክ የማይነካ ነጋዴ ብዙ ነው፣ ሙሉ ለሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው የመጀመሪያው ባንክ ዘምዘም እንኳን ስራ የጀመረው 2013 ላይ ነው፣ እና ያ ተዘርፎ ባዶ መደርደሪያ የቀረው ባለሱቅ ሱቁን መልሶ የሞላው በእቁብ ነው፣ በዘመድ ነው ወይስ የመርካቶ አከፋፋይ በዱቤ አምኖት? ይሄ ደሞ ከአንድ እስከ አምስት በማክበብ አይገኝም፣ ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጡ ማውራት ይፈልጋል።